በስሟ የተዘጋ ብልሽት

አዛውንቱ የወደቁት ጥርሳቸውን ተነቅለው ሲወጡ ነው። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ካለው የጥርስ ሐኪም ቤት ጉንጫቸው ውስጥ ጥጥ ይዘው ወጡና ሊፍቱን ጠሩ። በሩ ተከፈተ፤ ገቡ። ሊፍቱ ግን አልነበረም።

እኔ ስደርስ አስከሬኑን አውጥተውት ነበር። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው አሉኝ። ባለቤታቸው ኮሪደሩ ላይ ሐኪሙ ባወጣላቸው ወንበር ተቀምጠዋል፤ የሰውየው ኮት ጭናቸው ላይ ተጣጥፎ ነበር።

"እናቴ፣ ያዩትን ይንገሩኝ" አልኳቸው።

"እኔ ሊፍት እፈራለሁ፣ ልጄ። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚቀድመው እሱ ነው። ገብቶ በሩን በእጁ ይይዝልኛል። ዛሬም ሊይዝልኝ ነው የገባው።"

ሌላ አልጨመሩም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በዚህ ሥራ ይኼን ሁሉ ዘመን ኖሬ በደንብ የተማርኩት ነገር ቢኖር መቼ ዝም ማለት እንዳለብኝ ነው።

የሊፍቱ መካኒክ ምድር ቤት ጠበቀኝ። ሽቦ አልተቆረጠም፣ ብረት አልተሰበረም፣ ሁሉም ደህና ነው አለኝ።

"ታዲያ በሩን ማን ከፈተው?"

"ሶፍትዌሩ ነዋ። ክፈት አለው፣ ተከፈተ።" እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረውም። "ይኼ ነገር ለእኔ አዲስ አይደለም። ሌላ ሕንፃ ላይ አይቼው ለድርጅቱ አመልክቻለሁ። ያኔ በሩ ላይ ሰው ስላልነበረ ተረፍን። ተስተካክሏል፣ ተፈትሿል ብለው ጻፉልኝ። አዲሱን ሶፍትዌር እዚህም እኔው በእጄ ጫንኩት።"

አብሮኝ የመጣው ሳጅን ማስታወሻውን ከደነ። "እንግዲህ ተፈትሿል ያለውን ሰው መያዝ ነው። ቀላል ነው" አለ። ይኼ ልጅ ቀላል ነው ባለ ቁጥር ገና ሳልጀምር ይደክመኛል።

* * *

የሊፍት ሶፍትዌር የሚሠራው ድርጅት አንድ ፎቅ ሙሉ ይዟል። ጠረጴዛዎቹ በረድፍ ተደርድረዋል፣ መስኮቶቹ አይከፈቱም፣ ሰዎቹ ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው ቁጭ ብለዋል። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ነበር የተቀበለን።

"ብልሽት የምንመዘግብበት ዌብሳይት አለን" አለኝ። "አንድ ብልሽት አንድ ቲኬት ነው። ፕሮግራመሩ አስተካክሎ 'ተስተካክሏል' ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ፈታሿ ታነበዋለች፣ ትሞክረዋለች፣ ከረካች ትዘጋዋለች። ያስተካከለ ሰው የራሱን ቲኬት መዝጋት አይችልም። ሲስተሙም አይፈቅድለትም።"

"ጥሩ ሕግ ነው።"

"በር እኮ ነው የምንሠራው፣ ኢንስፔክተር" አለና የኮምፒውተሩን ስክሪን አዞረልኝ።

የመካኒኩ አቤቱታ እዚያ አለ። 'ሊፍቱ ሳይደርስ በሩ ተከፈተ' ይላል። ሥሩ ላይ 'ተስተካክሏል' የሚል መልስ አለ። ከዚያ ደግሞ 'ተፈትሾ ተዘግቷል'፣ ከጎኑ የአንዲት ሴት ስም። ከራሷ ኮምፒውተር፣ በራሷ ፓስዎርድ፣ በሥራ ሰዓት። ሥራ አስኪያጁ እጁን እንደታጠበ ሰው ወደ ኋላ ተደገፈ።

"ከሥራ አግደናታል" አለ።

ከፎቁ ሳልወርድ አለቃዬ ኮማንደሩ ደወለ። "ስም አለሽ፣ ኮምፒውተር አለሽ፣ የሞተ ሰው አለሽ። ምን ቀረሽ?"

"ሴትዮዋን ማነጋገር።"

"አነጋግሪያትና ጨርሺው።"

* * *

ፈታሿን የሥራ ባልደረቦቿ ቀንድ አውጣ ይሏታል። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ከአባቷ ጋር ትኖራለች። የጣቢያችን ወንበር አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ የተቀመጠበት ሰው ሁሉ ይወዛወዛል፤ እሷ ግን ቁጭ ስትል ቀጥ አለ።

"ይኼን ቲኬት ዘግተሻል?"

"አላስታውስም።"

ሳጅኑ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ። አላስታውስም የሚል ሰው ስንት አይተናል።

"አልዘጋሁም ማለትሽ ነው?"

"አላስታውስም ማለቴ ነው። መክፈቱን ከፍቼዋለሁ። ማንበብ እንደጀመርኩ አባቴ ደወለ፤ መድኃኒቱን አጥቶት ነው። እሱን ሳነጋግር ቆየሁ። በማግስቱ ልሞክረው ብፈልገው ካልተዘጉት ውስጥ የለም።"

"ማንንም አልጠየቅሽም?"

"በረኛውን ጠየቅኩት።" በረኛ የሚሉት የበሩን ሶፍትዌር የሚጽፈውን ፕሮግራመር ነው። "'ዘግተሽዋል እኮ፣ ደክሞሽ ነው' አለኝ። ሄጄ ባየው እውነትም ስሜ አለበት።"

"አንድ ሰው ፓስዎርድሽን ያውቃል?"

"ማንም አያውቅም።"

"ከጠረጴዛሽ ስትነሺ ኮምፒውተሩን ክፍት ትተዪዋለሽ?"

"አልተውም። ያን ቀን ደግሞ አልተነሳሁም፤ እዚያው ቁጭ ብዬ ነው ያነጋገርኩት።"

ሴትዮዋ ራሷ ላይ አንድ በአንድ በር ትዘጋለች። ጠበቃ ቢኖራት አፏን በእጁ ይይዝላት ነበር። ሳጅኑ ቃሏን ጽፎ ጨረሰና አስፈረማት። ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመች።

"እናቴ ስትሞት እኔን አታውቀኝም ነበር" አለች። "ስትጀምር የምትረሳው ትንንሽ ነገር ነው። ምድጃ ማጥፋት፣ በር መቆለፍ። እኔም ሰሞኑን አንብቤ ታች ስደርስ ቲኬቱን በስሜ ተዘግቶ አገኘዋለሁ፤ መቼ እንደዘጋሁት አላስታውስም። ይኼኛው የመጀመሪያዬ አይደለም። ለአባቴ አልነገርኩትም። ሰው በእኔ ጥፋት ሞቶ ከሆነ ልታሰር፣ ግድ የለኝም። ግን ያጠፋሁት እንደ እናቴ ሆኜ ከሆነ..."

አንጀቴን በላችው፤ መደበቅም አልፈልግም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እስክትወርድ አየኋት። ደረጃውን የምትወርደው እያንዳንዱን እየረገጠች፣ እጀታውን ሳትለቅ ነው።

* * *

በማግስቱ ድርጅቱ ውስጥ ላይ ታች ስንል ዋልን። ስለ እሷ ክፉ የሚያወራ አላገኘሁም፤ የሚያላግጥ ግን ሞልቷል።

"ቲኬት ሰጥተሃት ጠብቃት ካሉህ፣ ምሳ በልተህ፣ ተኝተህ፣ ፀጉርህን ተስተካክለህ ትመለሳለህ" አለኝ አንዱ። "ካላረጋገጠች አትዘጋም።"

በረኛው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ንጹሕ፣ አነጋገሩ ለስለስ ያለ ሰው ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ልጅ የሳለችው ብርቱካንማ ድመት ተለጥፏል፤ ድመቷ አውራ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራለች።

"የልጄ ሥራ ነው" አለኝ ሳየው። "ሁለተኛ ክፍል ናት። እዚህ ቤት የታወቅኩት በዚች ድመት ነው። አንድ ነገር አስተካክዬ ስጨርስ ከመልሴ ሥር እሷን እለጥፋለሁ፤ ሰዉ ይስቃል።"

"ስለ ፈታሿ ምን ትላለህ?"

"እባክዎ አይጨክኑባት። ጎበዝ ሠራተኛ ናት። ሰሞኑን ግን ትንሽ እየረሳች ነው፤ ቤትም ችግር አለባት መሰለኝ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሷ ቲኬቱን ስትዘጋ እኔ ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ እያስረዳሁ ነበር። እዚህ ብሆን ኖሮ አንዴ ቆይ እላት ነበር።"

የት እንደነበረ ገና አልጠየቅኩትም። ሰው ፖሊስ ሲያይ ያልተጠየቀውን ይመልሳል ብዬ አለፍኩት። ስብሰባውን አጣራን፤ እውነት ነው፣ ሁሉም አይተውታል፣ ኮምፒውተርም ስልክም በእጁ አልነበረም። በረኛው ይህን እንደነገረኝ ሰዓቱን አየና ይቅርታ ጠየቀኝ። ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያነሳት እሱ ነው፤ እናቷ የምትሠራው ሌላ ከተማ ነው።

"እዚህ ቤት በሰዓቱ የሚወጣ እሱ ብቻ ነው" አለ አጠገቡ ያለው፣ በቅናት። "እኛ ቲኬታችን እስኪዘጋ እንታገታለን። የእሱ ሁልጊዜ ቶሎ ይዘጋል።"

* * *

ሳጅኑ ከዚህ ሁሉ አንድ ፍንጭ ይዞ መጣ። በቅርቡ የተባረረ ፕሮግራመር አለ፣ ሟርተኛው የሚሉት። አካውንቱን መዝጋት ረስተዋል፤ አሁንም ከቤቱ ሆኖ የብልሽት መዝገቡ ውስጥ ይገባል።

ያገኘነው ስልክ በሚጠግንበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። መታወቂያችንን ስናሳየው አልደነገጠም።

"ሰው ሞተ አይደል?" አለ። "ዜናው ላይ ሰምቻለሁ።"

"ለምን አባረሩህ?"

"ቀዳዳ አሳየኋቸው።" የያዘውን ስልክ አስቀመጠ። "መዝገቡ ላይ ሐሳብ የሚጻፍበት ሳጥን አለ። እዚያ ውስጥ የሚገባው ቃል ብቻ አይደለም፤ ትእዛዝም ይገባል። ከሥዕል ሥር መደበቅ ይቻላል። ገጹን የከፈተ ሰው ኮምፒውተር ያን ትእዛዝ ይፈጽመዋል፣ በከፈተው ሰው ስም። ፓስዎርድ መስረቅ አያስፈልግም። ባለቤቱ ራሱ ገብቶ ተቀምጧላ።"

"ማን አመነህ?"

"ማንም። እና ሠርቼ አሳየኋቸው። ሥራ አስኪያጁ ቲኬት ሲከፍት በገዛ ስሙ 'እኔ ደደብ ነኝ' የሚል እንዲጻፍ አደረግኩ። ድርጅቱ ሁሉ አነበበው።"

ሳጅኑ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

"ከዚያማ አባረሩኝ። ቀዳዳውን ግን ቀድሜ ቲኬት አድርጌ፣ እንዴት እንደሚሠራ ጭምር ጽፌ መዝግቤው ነበር። ተስተካክሏል ብለው ድመት ለጥፈው ዘጉት። አልተስተካከለም፤ እየገባሁ አየዋለሁ። ቁስልን እንደመነካካት ነው፣ መተው አልቻልኩም።"

"መካኒኩ ያመለከተው ቲኬት የተዘጋ ቀን የት ነበርክ?" አለ ሳጅኑ።

"እዚሁ። ግን ብትጠይቀኝም ለውጥ የለውም። ወጥመድ ያጠመደ ሰው አጠገቡ መቆም የለበትም፤ ቀድሞ አስቀምጦ መሄድ ይችላል።" ይህን ብሎ ራሱ ላይ እንደመሰከረ ገባውና ፊቱ ተለወጠ።

መኪና ውስጥ ሳጅኑ አላስቀምጥ አለኝ። "እንያዘው። ቂም አለው፣ ዘዴውን ያውቃል፣ መግቢያ አለው።"

"ይኼ ሰው አንድ ነገር ሲሠራ ሰው እንዲያይለት ነው የሚፈልገው። ቲኬት በዝምታ መዝጋት ለእሱ ምን ይረባዋል?"

"ለማን ይረባል ታዲያ?"

እግሬ ጫማዬ ውስጥ አብጧል። ታላቅ እህቴ 'ዛሬም ምሳ አልበላሽም አይደል' ብላ ጽፋልኛለች፤ አልተሳሳተችም። ኮማንደሩ ደግሞ ነገ ጠዋት የሴትዮዋን ፋይል ለዐቃቤ ሕግ እልካለሁ ብሏል። በጭንቅላቴ የሚመላለሰው ግን ሟርተኛው በመሀል ጣል ያደረጋት አንዲት ነገር ናት፤ ተስተካክሏል ብለው ድመት ለጥፈው ዘጉት ያለው።

"ወደ ድርጅቱ አዙረው" አልኩት። "ፈታሿንም ጥራልኝ።"

* * *

ሥራ አስኪያጁ አካውንቷን ለመክፈት ፊቱን ከሰከሰ፤ ከፈተው ግን። ቀንድ አውጣ ያስነሷት ወንበር ላይ እንደ እንግዳ ጫፉን ይዛ ተቀመጠች። ሠራተኛው ሁሉ ስክሪኑን የሚያይ መስሎ እኛን ያያል። በረኛው በወዲያኛው ረድፍ ነበር፤ ማዳመጫውን ከጆሮው አላወጣም።

"የፈለግሽውን አንድ ቲኬት ክፈቺና እንደ ሁልጊዜሽ ሥሪ" አልኳት።

መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለች። ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠች። ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ማንበብ ያዘች። ሳጅኑ አንዴ አዛጋ፣ ሁለቴ አዛጋ። እሷ ገና ግማሽ ላይ ነበረች።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታነቢው?"

"ካላነበብኩት ምኑን እፈትሸዋለሁ?"

መዝገቡ እንደሚለው የበሩን ቲኬት የከፈተችውና የዘጋችው በዚያው ደቂቃ ነው። ቀድሞም አይቼው ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን አሁን ነው። ይቺ ሴት በአንድ ደቂቃ የምትጨርሰው መነጽሯን መወልወል ብቻ ነው።

"አሁን ሟርተኛው ስለ ቀዳዳው የመዘገበውን አውጪልኝ።"

አወጣችው። ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ከሥሩ 'ተስተካክሏል'፣ ከዚያ ብርቱካንማዋ ድመት አውራ ጣቷን ቀስራ፣ ከዚያ 'ተፈትሾ ተዘግቷል'። ስሟ አለበት።

"ይኼንንም አላስታውሰውም" አለች።

"ከታገድሽ በፊት በረኛው መልስ የሰጠበት፣ አንቺ ግን ገና ያልከፈትሽው ቲኬት ይኖራል?"

ፈለገች። አንድ አለ፤ ስለ ሊፍት መብራት ነው።

"አንቺው ክፈቺው። እንደከፈትሽ እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊ። ምንም አትንኪ።"

ከፈተችው። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች። ገጹ ወጣ፤ አቤቱታው፣ 'ተስተካክሏል' የሚለው፣ ድመቷ። ሌላ ምንም አልነበረም። ከዚያ ማንም ሳይነካው ስክሪኑ አንዴ ብልጭ አለና ከድመቷ ሥር አዲስ መስመር መጣ። 'ተፈትሾ ተዘግቷል።' ከጎኑ ስሟ።

ሥራ አስኪያጁ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

"እጄ ጭኔ ላይ ነው" አለች ቀንድ አውጣ። እጇን አየችው፣ ስክሪኑን አየች፣ ተመልሳ እጇን አየችው። "አይተውኛል አይደል ኢንስፔክተር? እጄ ጭኔ ላይ ነው።"

"አይቼሻለሁ።"

"አልረሳሁም ማለት ነው።"

"አንድም ቀን አልረሳሽም።"

መነጽሯን አወለቀችና እዚያው ሰው ሁሉ ፊት አለቀሰች። እኔም ትከሻዋን ያዝኩ፤ በፖሊስ ደንብ ውስጥ የሌለ ነገር ነው።

* * *

በረኛው ቦርሳውን ትከሻው ላይ አድርጎ ነበር። የሚወጣበት ሰዓት ደርሷል። ስመጣ አልሸሸም፤ ቦርሳውን አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ቀዳዳውን እንድትደፍነው ነበር የተሰጠህ" አልኩት።

"ልደፍነው ነበር። ነገ፣ ነገ እያልኩ ቆየሁ።" ስክሪኑ ጥግ ያለችውን ድመት አላያትም። "የምሠራው ሁሉ ትክክል ነበር፣ ኢንስፔክተር። አንድ ዓመት ሙሉ እሷ ፈትሻ የመለሰችልኝ የለም። ግን ቲኬቱ ካልተዘጋ መውጣት የለም፤ እሷ ደግሞ አዝጋሚነቷን አይተዋል። አንድ ቀን ዘግይቼ ስደርስ ልጄ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዘበኛው ኮት ላይ ተኝታ አገኘኋት። ፊቷ ላይ እንባው ደርቋል። ከዚያ በኋላ ነው የጀመርኩት።"

"የበሩስ?"

"እሱም ተስተካክሏል ብዬ ነበር። አንድ ነገር ስቼ ነበር። አንድ ጊዜ ብትሞክረው ታገኘው ነበር።"

ቀንድ አውጣ ከኋላዬ መጥታ እንደቆመች አላወቅኩም።

"'ደክሞሽ ነው' አልከኝ" አለችው።

አንገቱን ደፋ።

"ስለ እናቴ ነግሬህ ነበር። ላንተ ብቻ ነው የነገርኩት። ሐኪም ጋ ሄድኩ እኮ፣ ጭንቅላቴን ሊያዩልኝ። 'አይዞሽ፣ እንደዚያ አትሆኚም' አልከኝ፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ቲኬት በስሜ ዘጋህ።"

"ነግረሽኛል" አለ። እኔ ብዙ ሰው ሲያምን ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ አነስ ብላ የወጣች ቃል ግን አላስታውስም።

ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። በዚህ ጊዜ በረኛው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየና ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ተሰበረ።

"ልጄን ማን ያነሳታል?"

ሥራ አስኪያጁ ጫማውን አየ። ያ በሰዓቱ በመውጣቱ የሚቀናበት ጎረቤቱ ማዳመጫውን መልሶ ጆሮው ላይ አደረገ። እናቷ ሌላ ከተማ ናት። እኔ በልቤ የፖሊስ መኪና ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ታየኝ።

"ትምህርት ቤቱ የት ነው?" አለች ቀንድ አውጣ።

ቀና ብሎ አያት።

"ልጅቷ ምን አደረገች?" አለች፤ ለእሱ ሳይሆን ለራሷ የምትመልስ ይመስላል። "ነይ ብላት ትመጣለች? ታውቀኛለች?"

"ታውቅሻለች። እዚህ መጥታ ታውቃለች። ብስኩት ሰጥተሻታል።"

"ደውልላቸው። እኔ እየሰማሁ ደውል።"

ሳጅኑን አየሁት፤ ካቴናውን ወደ ኪሱ መለሰ። በረኛው ደወለ። የፈታሿን ስም ነገራቸው፣ መልኳን ነገራቸው። እሷ እጇን ዘርግታ ስልኩን ተቀበለችውና ከመጀመሪያው ጀመረች። የትኛው በር ነው? በሩ ላይ የሚቆመው ማነው? መታወቂያ ታያላችሁ? ልጅቷ ምን ለብሳለች? የነገሯትን ሁሉ መልሳ አነበበችላቸው። አንዱን ተሳስተው ነበር፤ አረመቻቸው። ከዚያ አንድ ጊዜ እንደገና ጠየቀች።

ማንም ቶሎ በይ አላላትም። ሦስታችንም ቆመን እስክትጨርስ ጠበቅናት።